ቀሚሱ ልኳ ነበር፦ ሲንዲ በርድሶንግ በሱፕሪምስ

ላስ ቬጋስ፣ ጁላይ 1967። በፍላሚንጎ ሆቴል መድረክ ላይ ሦስት ሴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው፣ እጃቸውን እኩል እያነሡ እኩል እያወረዱ ይዘፍናሉ። ከቀናት በፊትም ሦስት ነበሩ። ከኋላ ጠረጴዛ ለተቀመጠ ታዳሚ የተለወጠ ነገር የለም። ከሦስቱ አንዷ ግን ሌላ ሰው ናት። ቡድኑን ከመሠረቱት አንዷ የሆነችው፣ «ሱፕሪምስ» የሚለውን ስም የመረጠችው ፍሎረንስ ባላርድ፣ በ24ኛ ዓመት ልደቷ ሰሞን ተሰናብታ ወደ ዲትሮይት ተልካለች። በቦታዋ የቆመችው ሲንዲ በርድሶንግ ትባላለች። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስለ ሱፕሪምስ፣ በ1960ዎቹ ስለገነነው የአሜሪካ ሴት ድምፃውያን ቡድን፣ ሲወራ መጀመሪያ አውራጇ ዳያና ሮስ ትነሣለች። ቀጥሎ የፍሎረንስ አሳዛኝ ዕጣ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው ያልተነቃነቀችው ሜሪ ዊልሰን። ሲንዲ የሚደርሳት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ፍሎረንስ ወጥታ ሲንዲ ተተካች» ይባልና ይታለፋል። እኔ ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ የታጨቀው ታሪክ ከዋናው ባልተናነሰ የሙዚቃ ንግዱን ጉድ የሚያሳይ ይመስለኛል። ሲንዲ በመጀመሪያ የተፈለገችው ለዓይን ነው። ለጆሮ የተፈለገችው ዘግይቶ፣ ጆሮ የሚሰጥ ሲጠፋ ነው።

ቀድሞም ምትክ ነበረች

ሲንዲ በዲሴምበር 15 ቀን 1939 በኒው ጀርሲ፣ ማውንት ሆሊ ተወለደች። ያደገችው በፊላደልፊያና በካምደን ነው። ሐሳቧ ነርስ መሆን ነበር፤ መድረክ በዕቅዷ ውስጥ አልነበረም። በ1961 ግን ፓትሪሺያ ሆልት የምትባል የፊላደልፊያ ጓደኛዋ፣ ኦርዴትስ ከተባለው ቡድኗ አንዲት ልጅ ስለወጣች በቦታዋ እንድትገባ ጠየቀቻት። ይህች ጓደኛ ኋላ ዓለም ፓቲ ላቤል ብሎ ያወቃት ናት። ስለዚህ ሲንዲ ወደ ሙዚቃው የገባችው ገና ከጅምሩ የሌላ ሰው ክፍት ቦታ ሞልታ ነው። ከኒው ጀርሲዋ ትሬንተን ከተማ የመጡት ኖና ሄንድሪክስና ሣራ ዳሽ ተጨምረው አራት ሆኑ፤ ስማቸውም ብሉ ቤልስ ተባለ።

የመጀመሪያው ተወዳጅ ዘፈናቸው ታሪክ እዚህ ላይ መነገር አለበት። በ1962 «አይ ሶልድ ማይ ኸርት ቱ ዘ ጃንክማን» የተሰኘው ነጠላ ሸክላ በአሜሪካ ሠንጠረዥ ከምርጥ 20 ውስጥ ገባ። ሸክላው ላይ የተጻፈው የብሉ ቤልስ ስም ነው፤ የሚሰማው ድምፅ ግን ስታርሌትስ የተባሉ የቺካጎ ልጆች የቀረጹት ነበር። አሳታሚው ስሙን ለእነ ፓቲ ሰጠ፣ እነሱም በየመድረኩ እየዞሩ ዘፈኑት። ስታርሌትስ ክስ እስከመመሥረት ደርሰዋል። ሲንዲ የሌላ ሰው ቅጂ መድረክ ላይ «የራሷ» አድርጋ ማቅረብን የለመደችው እንግዲህ ከሞታውን፣ ሱፕሪምስን ከሚያሳትመው የዲትሮይት ሸክላ ቤት፣ በፊት ነው። በዘመኑ ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር፤ ሸክላ የአሳታሚው፣ መድረክ የልጆቹ ነው።

በ1963 የወጣው የሠርግ ዘፈናቸው «ዳውን ዚ አይል» ግን የራሳቸው ነው። በሃርለሙ አፖሎ ቴአትር ታዳሚው ከመውደዱ የተነሣ «የአፖሎ ውዶች» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል። የፓቲ ድምፅ ጣሪያ ሲነቅል ከሥር ሦስቱ ተቀባዮች ይደግፉታል፤ ከእነሱም ውስጥ ከፍ ያለውንና ለስለስ ያለውን መስመር የያዘችው ሲንዲ ናት። በ1965 ወደ አትላንቲክ ሬከርድስ ተሻገሩ። ዝና ነበራቸው፤ ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። ዓመቱን ሙሉ በመኪና እየተጓዙ ከቴአትር ቤት ቴአትር ቤት ይዞራሉ። እነሱ በዚህ ላይ እያሉ ከዲትሮይት የመጡ ሦስት ልጆች አሜሪካን ተቆጣጠሩት።

ሞታውን የፈለገው ምንድን ነው?

ከ1964 እስከ 1967 አጋማሽ ድረስ ሱፕሪምስ አሥር ዘፈኖችን በአሜሪካ የፖፕ ሠንጠረዥ አንደኛ አድርገዋል። በዚያ ዘመን ከቢትልስ ጋር ፊት ለፊት የሚፎካከር አሜሪካዊ ቡድን ቢባል እነሱ ናቸው። ከኋላቸው ያለው ፋብሪካ ደግሞ የተሟላ ነበር፦ ድርሰቱንና ቅንብሩን ሆላንድ፣ ዶዚየርና ሆላንድ፤ እንቅስቃሴውን ቾሊ አትኪንስ፤ አረማመዱን፣ አቀማመጡንና አነጋገሩን ማክሲን ፓወል ያስተምራሉ። የሞታውን ባለቤት ቤሪ ጎርዲ ልጆቹን ከሬዲዮ አውጥቶ የኒው ዮርኩን ኮፓካባናና የላስ ቬጋስ ሆቴሎችን የመሰሉ፣ ነጭ ሀብታም እራቱን እየበላ ወደሚያይባቸው ቤቶች አስገባቸው።

እዚያ ደረጃ ላይ ቡድን ማለት ሥዕል ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ ቁመና፣ አንድ እንቅስቃሴ። ፍሎረንስ ደግሞ ከሥዕሉ እየወጣች ነበር። መጀመሪያ ላይ ጠንካራውን ድምፅ የያዘችው እሷ ሆና ሳለ አውራጅነቱ ለዳያና ተሰጠ፤ ከዚያ መጠጥ፣ ክብደት፣ የቀሩ ዝግጅቶች፣ ከጎርዲ ጋር ፊት ለፊት ግጭት። አንዳንድ ጊዜ ስትቀር ማርሊን ባሮው የተባለችው የሞታውን ስቱዲዮ ድምፃዊት ተተክታ ሠርታለች። በ1967 ግን ጎርዲ ቋሚ ሰው መፈለግ ጀመረ።

ሲንዲ ለምን ተመረጠች? በድምፅ ብቻ ቢሆን ዲትሮይት ውስጥ ዘፋኝ ሞልቷል። እሷ ግን ከሩቅ ለሚያያት ፍሎረንስን ትመስላለች፤ የቀሚስ ልኳም ተቀራራቢ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚያ በጨሌና በዶቃ የተጥለቀለቁ ቀሚሶች በሦስት በሦስት የሚሰፉ፣ ዋጋቸውም የሚያስደነግጥ ነበሩ፤ አንዷ ስትቀየር ሙሉውን የልብስ ሣጥን እንደገና ማሰፋት ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ ስድስት ዓመት በመድረክ የተፈተነች፣ ተቀባይ ሆና ሌላ ሰው ከፊት ሲደምቅ ፊቷ የማይጠቁር ሰው ናት። ለሞታውን ከሁሉም የበለጠው ይኼ የመጨረሻው ይመስለኛል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እሷን ግን ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት አድምቋታል።

ሙከራው በኤፕሪል 29 ቀን 1967 በሎስ አንጀለስ ሆሊውድ ቦውል በተካሄደ የበጎ አድራጎት ዝግጅት ተደረገ። ሲንዲ በፍሎረንስ ቦታ ወጣች፤ ምንም እንከን አልታየም። ነገር ግን አሁንም የብሉ ቤልስ አባል ናት፣ ውልም አለባት። ስለዚህ ፍሎረንስ ለጊዜው ተመልሳ በሜይ ኮፓካባናን ሠራች። በእነዚያ ሳምንታት የሆነውን ሳስብ ይዘገንነኛል፦ ፍሎረንስ መድረክ ላይ ትዘፍናለች፤ ምትኳ ደግሞ በቅርብ ሆና ዝግጅቱን እያየች እርምጃውን፣ የዘፈን ቅደም ተከተሉን፣ የእጅ እንቅስቃሴውን ታጠናለች። ላስ ቬጋስም ስትመጣ በዚሁ መልክ ነው። ሁለቱም ነገሩን ያውቁ ነበር። ፍሎረንስ መድረክ ላይ ባሳየችው ነገር ጎርዲ ተቆጥቶ «በቃ» ያላት ጊዜ ተተኪዋ እዚያው ሆቴል ውስጥ ነበረች።

በዚያው በፍላሚንጎ ዝግጅት የቡድኑም ስም ተለወጠ፤ «ዳያና ሮስ እና ሱፕሪምስ» ሆነ። ሲንዲ የገባችበትን ወንበር መጠን የሚነግረን ይህ ነው። ፍሎረንስ በቡድኑ ሳለች ከሦስት እኩል ሰዎች አንዷ ነበረች። ሲንዲ ስትመጣ ከ«እና» በኋላ ካሉት ሁለት አንዷ ሆነች።

የተተዉት ሦስቱ

የብሉ ቤልስ ልጆች ሲንዲ መሄዷን ሲሰሙ ክፉኛ ተጎዱ፤ ፓቲ ቅሬታዋን ለዓመታት አልደበቀችም። እኔ በዚህ ጉዳይ ለሁለቱም ወገን እውነት አለ ባይ ነኝ። ሲንዲ 27 ዓመቷ ነው፤ ስድስት ዓመት ለፍታ የያዘችው ጥሪት የለም፤ በዓለም አንደኛ የሆነ ቡድን ነይ ብሎ ጠራት። እምቢ ትበል ማለት ከሩቅ ሆኖ ለመናገር ብቻ ይቀላል። በሌላ በኩል እነዚያ ሦስቱ የዋሉበትን ያደሩበትን ጓደኛ በአንድ ጀምበር አጡ።

የሚገርመው ግን ያደረጉት ነገር ነው፤ ምትክ አልፈለጉም። የአራት ሰው ቅንብር ለሦስት አስተካክለው ቀጠሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዛዊቷ ቪኪ ዊክሃም አስተዳዳሪነት ስማቸውን ላቤል ብለው፣ ወጥ ቀሚሱን ጥለው፣ የብር ቀለም ያለው የጠፈር ልብስ ለብሰው ብቅ አሉ። በማርች 1975 «ሌዲ ማርማሌድ» በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሲንዲ በሱፕሪምስ ውስጥ ነበረች፤ ሱፕሪምስ ግን ከምርጥ 40 ውስጥ መግባት አቅቷቸው ነበር።

በፖስተሩ አለች፣ በሸክላው የለችም

ሲንዲ ከገባች በኋላ የወጣው የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ «ሪፍሌክሽንስ» ነው፤ በጁላይ 1967 መጨረሻ። ሠንጠረዡ ላይ ሁለተኛ ደረሰ። በተቀባይነት የሚሰማው የፍሎረንስ ድምፅ ነው፤ ቀረጻው የተጠናቀቀው ከመባረሯ በፊት ስለነበር። ሕዝቡ ሬዲዮ ላይ የሚሰማው አንዷን፣ መድረክ ላይ የሚያየው ሌላዋን ሆነ። ይህ የሽግግር ነገር ነው፣ ያልፋል ሊባል ይችላል። አላለፈም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሆላንድ፣ ዶዚየርና ሆላንድ ከሞታውን ጋር በገንዘብ ተጣልተው ሥራ አቆሙ፤ ኋላም ጥለው ወጡ። ጎርዲ ጥቂት ደራሲያንን ሰብስቦ ሆቴል ውስጥ አስቀምጦ ለዳያና የሚሆን ዘፈን እንዲያወጡ አደረገ። ከዚያ የወጣው «ላቭ ቻይልድ» ነው፤ በ1968 መጨረሻ የቢትልስን «ሄይ ጁድ» ከአንደኝነት አወረደ። ዳያና ታወርዳለች፤ የሚቀበሏት ግን ሜሪና ሲንዲ አይደሉም። ተቀባዮቹ አንዳንቴስ የተባሉት የሞታውን የስቱዲዮ ሴቶች ናቸው፦ ጃኪ ሂክስ፣ ማርሊን ባሮውና ሉቬን ዴምፕስ። ከ1967 መጨረሻ ጀምሮ ይህ አሠራር የተለመደ ሆነ። ምክንያት ነበረው፤ ሱፕሪምስ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ አንዳንቴስ ዲትሮይት ውስጥ ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ ተጠርተው ማታ ሥራውን ያስረክባሉ። ምክንያቱ ግን ያንን ብቻ አይመስለኝም። ዳያና ለብቻዋ እንደምትወጣ የታወቀ ነበር፤ ከኋላዋ ማን እንደሚቀበል ማንም ግድ አልነበረውም።

የሲንዲን ሥራ በቅርብ ለማየት ይህን ማሰብ ይበቃል፦ ሌሎች ሴቶች የቀረጹትን ከሸክላ ላይ ታጠናለች፣ ከሜሪ ጋር ሁለት ሆነው የሦስት ሰው ቅብብል መድረክ ላይ ያወጡታል፣ ያንንም በከፍታ ጫማ፣ በከባድ ቀሚስ፣ አንዲት የእጅ መወዛወዝ ሳትሳሳት። ታዳሚው ሸክላውን በጆሮው ይዞ ስለሚመጣ ልዩነቱ እንዳይታወቅ ይጠበቅባታል። ይህ ከባድ ሙያ ነው። ሽልማት የሚሰጥበት ሙያ ግን አይደለም።

በእነዚህ ዓመታት የታየችበት ቦታ ብዙ ነው። በጃንዋሪ 1968 ሦስቱ በ«ታርዛን» ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መነኮሳት ሆነው ተውነዋል (ዛሬ ሲታይ ሳቅ ያመጣል)። በኖቬምበር 1968 ለንደን ውስጥ በንጉሣውያን ፊት ሲዘፍኑ ዳያና ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ስትናገር ሲንዲ ከጎኗ ነበረች። ከቴምፕቴሽንስ ጋር የሠሩት የቴሌቪዥን ዝግጅትም በዚያው ዓመት መጨረሻ ወጣ። ካሜራው ፊት ሁሌ አለች። ማይክራፎኑ ፊት በአብዛኛው የለችም።

የዳያና መሰናበቻ የሆነው ዘፈን ደግሞ የነገሩ ሁሉ ጥግ ነው። «ሰምዴይ ዊል ቢ ቱጌዘር»፣ «አንድ ቀን አብረን እንሆናለን» ማለት ነው፣ ለዳያና ብቸኛ ሥራ ታስቦ የተቀረጸ ነበር። ጎርዲ ለቡድኑ መዝጊያ ይሁን አለ። ተቀባዮቹ ማክሲንና ጁሊያ ዋተርስ ናቸው፤ በመካከል የሚሰማው ወንድ አዘጋጁ ጆኒ ብሪስቶል ነው። ከዳያና በስተቀር አንድም የሱፕሪምስ አባል የለበትም። በዲሴምበር 1969 መጨረሻ አንደኛ ሆነ፤ ለቡድኑ 12ኛውና የመጨረሻው። በዲሴምበር 21 በኤድ ሱሊቫን ሾው ሦስቱ አብረው አቀረቡት፤ የሲንዲ ፊት ላይ አንዳች የሚነበብ ቅሬታ የለም።

ከዚያ ምሽት ሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ምን ደርሶባት እንደነበር ሳውቅ ያንን ፊት እንደገና አየሁት። በዲሴምበር 2 ቀን 1969 ሆሊውድ ከሚገኘው መኖሪያዋ አንድ ሰው በቢላ አስፈራርቶ፣ እጮኛዋንና አንድ ጓደኛቸውን አሳስሮ፣ እሷን በመኪና ይዟት ሄደ። ፈጣን መንገድ ላይ ሲደርሱ ከሚሄደው መኪና ዘልላ ወጣች። ቆስላ አመለጠች፤ ሰውየውም ከቀናት በኋላ ተያዘ። ከሆስፒታል ወጥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በጃንዋሪ 14 ቀን 1970 ላስ ቬጋስ በፍሮንቲየር ሆቴል የዳያና የመጨረሻ ምሽት ሲደረግ ሲንዲ በቦታዋ ነበረች።

ድምፅ የሆነችባቸው ሁለት ዓመታት

በዚያው ምሽት አዲሷ አውራጅ ጂን ቴሬል ለሕዝብ ቀረበች፤ የቦክሰኛው ኧርኒ ቴሬል እኅት ናት። ሜሪ በኋላ እንደተረከችው ጎርዲ ወዲያው ሐሳቡን ለውጦ በጂን ፋንታ ሲሪታ ራይት ትግባ ብሎ ነበር፤ ሜሪ እምቢ አለች፣ ጂን ጸናች። ጎርዲ በዚህ ቅር ተሰኝቶ ከቡድኑ እጁን ሰበሰበ ይባላል። እውነትም ከዚያ በኋላ ልቡ ከዳያና ጋር ወደ ሆሊውድ ሄደ።

የሰበሰበው እጅ ግን ለሲንዲ በረከት ሆነላት። አዘጋጁ ፍራንክ ዊልሰን ሦስቱን ስቱዲዮ አስገብቶ አስዘፈናቸው። በ1970 የወጣው «አፕ ዘ ላደር ቱ ዘ ሩፍ» በአሜሪካ አሥረኛ ደረሰ። ዜማው ሲጀምር የሚሰማው የሦስት ሴት ቅላጼ ከ«ላቭ ቻይልድ» ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው፤ የጂን ድምፅ ገር፣ የሜሪ ጭስ ጭስ የሚል፣ የሲንዲ ደግሞ ከላይ በቀጭኑ የሚያበራ። ከዚያ «ስቶንድ ላቭ» መጣ፤ በፖፕ ሠንጠረዥ ሰባተኛ፣ በአር ኤንድ ቢ አንደኛ፣ በእንግሊዝ ሦስተኛ። ቅንብሩ የተመሠረተው አንድ የዲትሮይት ወጣት በጻፈው ዜማ ላይ ነው፤ ስለ ሰላምና ፍቅር የሚል፣ የቬትናም ዘመን ዘፈን።

በ1971 የወጣው «ናታን ጆንስ» ደግሞ ለሲንዲ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። አውራጅ የለውም። ሦስቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ድምፅ፣ በኅብረት ያወርዱታል። በአራት ዓመት ውስጥ ሲንዲ የአንድ ነጠላ ዜማ ዋና ድምፅ አካል የሆነችው እዚህ ነው። በእንግሊዝ አምስተኛ ደረሰ፤ በአሜሪካ 16ኛ። አሜሪካውያን ቸል ማለት ጀምረዋል። ዳያናን የሚፈልገው ዳያናን ይዞ ሄደ፣ ሞታውንም ገንዘቡንና ትኩረቱን ለእሷ ፊልም አደረገ።

በ1972 ሲንዲ አርግዛ ወጣች። በቦታዋ የገባችው ከስቲቪ ወንደር ጋር ትዘፍን የነበረችው ሊንዳ ሎረንስ ናት። እዚህም ላይ ያው ነገር በግልባጩ ተደገመ፤ ስሞኪ ሮቢንሰን ያዘጋጀው «ፍሎይ ጆይ» አልበም ላይ የዘፈነችው ሲንዲ ናት፣ ሽፋኑ ላይ የምትታየው ሊንዳ። አምስት ዓመት ሙሉ ፎቶ ያለ ድምፅ የነበረች ሴት በመጨረሻ ድምፅ ያለ ፎቶ ሆነች።

መመለስ

በ1973 ሊንዳም በተራዋ አርግዛ ወጣች፤ ጂንም ለቀቀች። ሜሪ ብቻዋን ቀረች። ሲንዲ ተጠርታ ተመለሰች፣ የራሷን ምትክ ተካች ማለት ነው። አውራጅነቱን የፍሬዳ ፔይን እኅት ሼሪ ፔይን ያዘች። ሞታውን ግን አልበም ለማውጣት አልቸኮለም፤ የዚህ አሰላለፍ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1975 ነው። ዲስኮ ቤቶች ውስጥ ተጨፈረበት፣ ሬዲዮ ግን ብዙም አልነካውም።

በዚህ ጊዜ ሜሪ በ1974 ከሞታውን ጋር ባደረገችው ስምምነት የቡድኑን ስም ግማሽ መብት አግኝታለች። ትዳርና ሥራ ተቀላቅሎ ባሏ አስተዳዳሪ ሆኗል። ሲንዲ ከዚህ አስተዳደር ጋር ሊስማማላት አልቻለም፤ በ1976 መጀመሪያ ወጣች፣ ሱሴ ግሪን ተተካች። በዚያው ፌብሩዋሪ ፍሎረንስ ባላርድ በ32 ዓመቷ በልብ ሕመም ዲትሮይት ውስጥ ሞተች። ቡድኑም በጁን 1977 ለንደን ላይ የመጨረሻውን ዝግጅት አድርጎ ተበተነ።

ሒሳቡ ሲሠራ

ፍሎረንስ ስትወጣ ከሞታውን ጋር የተፈራረመችው ስምምነት፣ ለብቻዋ ስትሠራ የቀድሞ ሱፕሪም ነኝ ብላ እንዳታስተዋውቅ የሚከለክል ነበር። ያገኘችው ወደ 140 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብም ብዙ አልበረከተላትም፤ ኋላ ሞታውንን ብትከስም አልተሳካላትም። መሥራቿ እንዲህ ከሆነች፣ በቅጥር የመጣችው ከስሙ ምን ድርሻ ሊኖራት ይችላል? ሲንዲ ከቡድኑ ስትወጣ ይዛ የወጣችው ስም የራሷን ብቻ ነው፤ እሱንም ሕዝቡ በቅጡ አያውቀውም። ብቸኛ ሥራ ሞክራ በ1987 አንድ ነጠላ ዜማ አወጣች፤ ብዙ አልሄደም።

ከሙዚቃው ስትወጣ ወደ ጥንቱ ሐሳቧ ተመለሰች፦ በሎስ አንጀለስ በዩ ሲ ኤል ኤ ሆስፒታል በባሏ ስም ተመዝግባ በነርስነት ሠራች። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ወደ ሃይማኖት አገልግሎት ገባች። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ውድቀት ያቀርቡታል፤ ከመድረክ ወደ ሆስፒታል እያሉ። እኔ አልስማማም። 21 ዓመቷ ላይ ጓደኛዋ ባትጠራት ኖሮ ልትሠራው የነበረውን ነው የሠራችው፤ ደመወዙም በወሩ ይገባል።

ክብር ሲከፋፈል ግን በሩ ላይ ቆመች። በ1988 ሱፕሪምስ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገቡ የተጠሩት ስሞች ሦስት ናቸው፤ ዳያና፣ ሜሪ፣ ፍሎረንስ። በ1994 በሆሊውድ መንገድ ላይ ለቡድኑ በተሠራው ኮከብም እንደዚያው። ፍሎረንስ መኖሯ ትክክል ነው፣ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ከ12ቱ አንደኛ የወጡ ዘፈኖች ሁለቱ የወጡት ሲንዲ አባል ሳለች ነው። ተሟጋች «በሁለቱም ላይ ድምፅዋ የለም» ቢል እውነቱን ነው፤ የሜሪም የለም።

ለናፍቆት ሲፈለጉ ግን የሚጠሩት እሷን ነው። በማርች 1983 የሞታውን 25ኛ ዓመት ሲከበር ዳያናና ሜሪ መድረኩ ላይ ሲገናኙ ሦስተኛዋ ሲንዲ ነበረች፤ የዘፈኑት ያንኑ ሦስቱ አብረው ያልቀረጹትን «አንድ ቀን አብረን እንሆናለን» ነው። ያ ምሽት የሚታወሰው ዳያና የሜሪን ማይክራፎን ገፋ ባደረገችበት ቅጽበት ነው፤ ሲንዲ ዳር ላይ ፈገግ እንዳለች ናት። በ2000 ዳያና ቡድኑን ሰብስባ ለመዞር ስታስብ ለሲንዲ የቀረበላት ክፍያ ከዳያናም ከሜሪም እጅግ ያነሰ እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። ሜሪና ሲንዲ ሳይስማሙ ቀሩ። ዳያና ሼሪንና ሊንዳን ይዛ ወጣች፤ ሕዝቡ «እነዚህ ሁለቱ ከዳያና ጋር አብረው ዘፍነው አያውቁም» ብሎ አጉረመረመ፣ ትኬቱ አልተሸጠም፣ ጉዞው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ይተካታል የተባለችው ሴት ስትቀር ዋጋዋ የታወቀው ያን በጋ ነው።

ከብሉ ቤልስ ጋር የነበረው ቁርሾም በጊዜ ለዝቧል። በ1999 የአር ኤንድ ቢ ፋውንዴሽን የፈር ቀዳጅነት ሽልማት ለአራቱም ሲሰጥ ፓቲ፣ ኖና፣ ሣራና ሲንዲ አብረው ተገኝተው ዘፈኑ። እዚያ ስሟ የተጠራው ከሌሎቹ እኩል ነው።

ድምፅዋን ለይቶ መስማት ለሚፈልግ ሰው ከ1967 እስከ 1969 ያሉትን የሱፕሪምስ ተወዳጅ ነጠላ ዜማዎች ይለፋቸው። ከብሉ ቤልስ «ዳውን ዚ አይል»ን፣ ከሱፕሪምስ ደግሞ ከ1970 እስከ 1972 የወጡትን ይክፈት፤ በተለይ «ናታን ጆንስ»ን በጆሮ ማዳመጫ። ከሦስቱ ከፍ ብላ የምትሰማው እሷ ናት።